ሚስቱ «አክራሪ» ያለችው ሰው

ጡረታ የወጣሁ ቀን የአስተርጓሚ ድርጅቱ ሰዎች ኬክ አቀረቡና በመስታወት የተገጠመ ወረቀት ሰጡኝ። ከስሜ ሥር በትልቁ «ዲቮሽን» የሚል ተጽፎበታል፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ዲቮሽን። አለቃዬ ሊንዳ ጮክ ብላ አነበበችውና ሌሎቹ አጨበጨቡ። ፈገግ ብዬ አመሰገንኩ። በልቤ ግን ቃሉን ማገላበጥ ጀምሬ ነበር። ትጋት ማለቷ ነው? ታማኝነት? ፍቅር? ወይስ በበረዶ ቀን አትቀርም፣ ቀጠሮ አትሰርዝም ማለቷ? ይህን የጻፈችው አምናበት ነው ወይስ ለሚወጣ ሰው ሁሉ የሚሰጥ ነው? ከእኔ በፊት የወጣውን የሶማልኛ አስተርጓሚ ወረቀት ባየሁት ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ አልተፈጠርኩም። ሰው ሲያመሰግነኝ ቃሉን የምጠረጥር፣ ቀጥሎ ተናጋሪውን፣ ቀጥሎ ራሴን የምጠረጥር ያደረገኝ ሥራዬ ነው። በተለይ አንድ ቃልና አንድ ሰው። የሰዎቹን ስም ለውጬ፣ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ደሴ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሚኒያፖሊስ ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ሆስፒታል ማጽዳት ነው። አንድ ቀን አንዲት ነርስ አማርኛ የሚችል ሰው ስትፈልግ ሰዎች እኔን ጠቆሟት። መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ገባሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ፈተናውን አልፌ በድርጅቱ ተቀጠርኩ። ክፍያው በሰዓት ነበር። የነዳሁበትን መንገድ በፎርም ሞልቼ እልካለሁ፣ ፎርሙ አንድ ነገር ጎድሎታል ተብሎ ይመለሳል። ስለ ወረቀቱ ይህ ይበቃል።

በመጀመሪያው ወር አንድ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የቤተሰብ ጉዳይ በምትከታተል ሶሻል ወርከር ፊት «እኔ ለቤቱ ቀናተኛ ነኝ» አሉ። የጌታን ቤት ማለታቸው ነበር። እኔ ግን ሰውየው ቅናት አለበት፣ ቤቱን ይጠብቃል ብዬ አስተላለፍኩ። ሶሻል ወርከሯ ሚስትየዋን ለብቻዋ ጠርታ ባልሽ ይመታሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሚስትየዋ ከት ብላ ሳቀች፤ ነገሩ ሲጣራ ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን መማር ነበረብኝ። ሳቁ ግን ነገሩን አቀለለብኝ።

ድርጅቱ ከሚያስተዳድራቸው አስተርጓሚዎች ሁሉ ሥራውን ያሳየኝ ጋሽ ኢድሪስ ነው። የከረን ሰው ነው፤ አሥመራ በአማርኛ ተምሮ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ። ሦስት ወር ከኋላው እየተከተልኩ አየሁት። ቀጠሮ ቦታ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርስና ሞተሩን አጥፍቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፤ በጥር በረዶም ቢሆን። ተጠባባቂ ክፍል ውስጥ ከባለጉዳዩ አጠገብ አይቀመጥም። ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

«አጠገባቸው ከተቀመጥሽ ያወሩሻል» አለኝ። «ካወሩሽ ታሪኩን ታውቂያለሽ። ካወቅሽ ሳይታወቅሽ ትጨምሪበታለሽ።»

«ሰው ኩራተኛ ይለኛል እኮ።»

«ይበልሽ።»

ሲያስተረጉም «እኔ» አይልም። የራሱን ሐሳብ መናገር ሲኖርበት እጁን እስከ ትከሻው ያነሳና «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል» ይላል፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። አንድ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበረው። ስም አይጽፍበትም፣ ቦታና ቀን አይጽፍም፤ ያ የባለጉዳይ ምስጢር ነው። የሚጽፈው ያስቸገረውን ቃል፣ ማን ስለ ማን እንደተናገረው፣ እሱ በእንግሊዝኛ ምን ብሎ እንዳስተላለፈው ብቻ ነው። «እናት ስለ ልጇ»፣ «ሠራተኛ ስለ አለቃው»፣ እንዲህ። እኔንም ያዥ አለኝ። ያዝኩ።

አጠገባችን ባለችው ከተማ ሴንት ፖል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። አንድ ሰው እናቱን ይዞ መጣ። እማሆይ ናቸው፤ ከአገር ቤት ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። ልብሳቸውን ለጎረቤት አድለው ጨርሰዋል፣ ሥጋ ትተዋል፣ ሳሎን ወጥተው አይቀመጡም። ዶክተሩ ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ከሞትኩ ቆየሁ እኮ ልጄ» አሉ እማሆይ።

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እመለከታለሁ። መነኩሴ መሆናቸውን ስላወቅሁ በእንግሊዝኛ የሚባለውን በልቤ አሰናድቼ ጨርሻለሁ። ጋሽ ኢድሪስ እጁን አነሳ። መጀመሪያ ያሉትን ቃል በቃል አስተላለፈ፤ የዶክተሩ ፊት ተለወጠ። ቀጥሎ አስተርጓሚው ታማሚዋ ምን ማለታቸው እንደሆነ እንዲጠየቁ ይለምናል አለ። ዶክተሩ ጠየቀ።

«መንኛለሁ ማለቴ ነዋ» አሉ እማሆይ። «ገዳም እንዳልገባ ልጄ እዚህ አመጣኝ። እንግዲህ ያለሁበት ክፍል ገዳሜ ነው። ሥጋውን የተውኩትም ጠልቼው አይደለም፤ ስለምወደው ነው። ፈጣሪ ከፈቀደልኝማ መቶ ዓመት ብኖር ደስታዬ ነው።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ስለ ጉልበታቸው ይጠይቃቸው ጀመር።

ስንወጣ «እርስዎ መነኩሴ ናቸው ብለው ቢናገሩ ባንድ ቃል ያልቅ አልነበር?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ። «እኔ እስላም ነኝ። ክርስቲያንም ብሆን የማውቀው የእኔን ነው። አንቺ አታብራሪ፤ የተናገረው ያብራራ።»

መኪና ውስጥ ሆነን በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ስንመለስ ስለ እነዚህ ቃላት ብዙ አወራን። ሃይማኖቱን ከልክ በላይ ለያዘ ሰው ስንት ስም እንዳለን እየቆጠረ ይነግረኛል። መናኝ ዓለምን ትቶ የሄደ ነው፤ ማንንም አይነካም። አጥባቂ ሕጉን አንድም ሳያጎድል የሚይዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚያጠብቀው በራሱ ላይ ነው። ቀናዒ ያመነበት ነገር ሲነካ የሚቆጣ ነው፤ ሲያመሰግኑት ቀናዒ፣ ሲሰድቡት ቀናተኛ ይሉታል። ጽንፈኛ መመለሻ የሌለበት ጫፍ ላይ የቆመ ነው። «አክራሪ ግን» አለ፣ «አክራሪን ጠብቂው። ክር ሲከርር አይተሻል? ትንሽ ከከረረም ከረረ ነው የሚባለው፣ ሊበጠስ ሲደርስም ከረረ ነው የሚባለው። ስንት እንደከረረ ቃሉ አይነግርሽም። መጠየቅ አለብሽ።»

እሺ አልኩ። ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ሲያወራ መስማት ደስ ብሎኝ እንጂ ይህ ነገር በሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ አልገባኝም።

ዓመታት አለፉ። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ካውንቲ የሚሉት የወረዳ አስተዳደር ቢሮ፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤት። ጋሽ ኢድሪስ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሥራውን ትቶ ሴንት ፖል ውስጥ የአረጋውያን አፓርትመንት ገባ። እኔ ደግሞ ጥሩ አስተርጓሚ ተባልኩ። ፈጣን ነበርኩ። ሊንዳ ፈጣን ሰው ትወዳለች፤ እጁን እያነሳ ስብሰባ የሚያስረዝም አስተርጓሚ አይመቻትም። ቀስ በቀስ እጄን ማንሳት ተውኩ። ደብተሩን ግን አልተውኩም፤ ቤቴ ስገባ እጽፋለሁ።

በኋለኞቹ ዓመታት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ገደማ፣ ከተማው ውስጥ ሰው ሰውን በጎን የሚያይበት ጊዜ ነበር። ቴሌቪዥኑ ስለ አክራሪነት ያወራል። በየስብሰባው ልጆቻችሁን ተከታተሉ ይባላል። የእኛ ሰው ደግሞ በአገር ቤቱ ፖለቲካ ተከፋፍሎ፣ አስተርጓሚ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስምሽ ማን ነው፣ ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ ነው። አንዳንዱ ስሜን ሲሰማ ሌላ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይላል። እኔም በበኩሌ ገና በር ላይ የሰውን ስም ሰምቼ ማን እንደሆነ ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን አሁን ነው የማምነው።

ሙና የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሲዋርድ ሰፈር የምትኖር፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሴት፤ ባሏን ልትፈታ ነው፤ አንዲት የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አላቸው፣ ሲፈን። ልጅ ስላለ የካውንቲው ሶሻል ወርከር ለብቻዋ ታነጋግራታለች፤ ንግግሩ ይቀዳል። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ የኦሮምኛ አስተርጓሚ በዚያ ቀን ስላልተገኘ በአማርኛ ይሁን ብላ ፈረመች። ይህም አንድ ነገር ነበር፤ በሁለተኛ ቋንቋዋ ነው የምታወራው።

ሶሻል ወርከሯ ምን ተለወጠ ብላ ጠየቀቻት።

«ከድር ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለች ሙና። «ሠርግ ስንሄድ ከሁሉ በፊት የሚነሳው እሱ ነበር። አሁን ዘፈን የለም፣ ፎቶ የለም፣ ሰኞና ሐሙስ ጾም ነው። ልጄን ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል አስወጣት። አክራሪ ሆኗል በቃ።»

እኔ ሳላመነታ «ኤክስትሪሚስት ሆኗል» ብዬ በእንግሊዝኛ አስተላለፍኩ።

የሶሻል ወርከሯ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሙናን ሳይሆን እኔን። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቿ ተለወጡ። ቪዲዮ ያያል ወይ? «አዎ፣ ሁልጊዜ በስልኩ ትምህርት ያዳምጣል» አለች ሙና። ከአገር ውጪ ሄዶ ያውቃል? «አምና ሄዷል፣ እናቱ ታመው።» ብቻውን? «ብቻውን።» አዲስ ጓደኞች አሉት? «ከመስጊድ የሚያውቃቸው አሉ።» ሙና የተጠየቀችውን በእውነት መለሰች። እኔም መልሶቿን በትክክል አስተላለፍኩ። እያንዳንዱ እውነት ግን በዚያ በእኔ ቃል ላይ እየተደረደረ ሌላ ሰው ሠራ። ከክፍሉ ስወጣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወደሚቀጥለው ቀጠሮዬ ድራይቭ ሳደርግ ረሳሁት።

ሁለት ወር አልፎ ለፍርድ ቤት ሥራ ተጠራሁ። መዝገቡን ሳየው የእነሱ ጉዳይ ነው። ጋሽ ኢድሪስ ቢሆን በዚህ ጉዳይ ሠርቻለሁ ብሎ ይመለስ ነበር። ሊንዳ ሌላ ሰው የለኝም አለች፤ እኔም እሺ አልኩ። ከድርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁት። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው። ጺሙ አጭር ነው፤ በሥራ ልብሱ ላይ ኮት ደርቧል። እሱም እንደ ሙና በአማርኛ ይሁን ብሏል፤ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለቱም ሰጠሁና ጥግ ላይ ቆሜ ማስተርጎም ጀመርኩ።

የሆነውን የሰማሁት እዚያ፣ በራሴ አፍ እያስተረጎምኩት ነው። ከዚያ ንግግር በኋላ ከድር ልጁን በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሰው እየተመለከተው እንዲያያት ታዟል። ሁለት ሰዎች ፍሪድሊ ከተማ የሚሠራበት የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ሄደው ስለ እሱ ጠይቀዋል። ፋብሪካው ለጊዜው እቤትህ ተቀመጥ ብሎታል።

ዳኛዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ለከድር የሚናገረው ካለ ዕድል ሰጡት።

«ልጄን የማያት ትልቅ መስታወት ያለበት ክፍል ውስጥ ነው» አለ። «አንድ ሰው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ይጽፋል። ልጄ በእንግሊዝኛ ዳድ፣ ያ ሰውዬ ለምን ያየናል ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ምን እንዳጠፋሁ ንገሩኝና ልንገራት።»

ይህን አስተረጎምኩ። ከዚያ የካውንቲው ጠበቃ ተነሳና ሙና ያለችውን ከሪፖርቱ አነበበ። «ኤክስትሪሚስት ሆኗል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ እኔ ተመልሶ መጣ። አሁን ወደ አማርኛ መመለስ አለብኝ። አክራሪ ብል ያልተነበበውን ማንበብ ይሆናል፤ የእንግሊዝኛው ትክክለኛ አማርኛ እሱ አይደለም። «ጽንፈኛ ሆኗል ብላለች» ብዬ አስተላለፍኩ።

ሙና የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። «እኔ እንደሱ አላልኩም» አለች።

ያንንም አስተረጎምኩ። ጠበቃው ከዚህ በፊት የተናገርሽውን ልትክጂ ነው ወይ አላት። አልካድኩም፣ እንደሱ ግን አላልኩም አለች። ያስፈራራሽ ሰው አለ? የለም አለች። ከባሏ ወገን ሰው መጥቶ አነጋግሮሽ ያውቃል? ቤተሰብ ነው፣ ይመጣሉ አለች። ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ሁሉም እንደገባው ይነበባል። ከድር ሚስቱን በጥላቻ አያት። ሙና የማታውቀው ነገር እንደደረሰባት ሰው ዙሪያውን ተመለከተች፤ ዓይኗ እኔ ጋ ሲደርስ አቀረቀርኩ። እጄን ማንሳት ነበረብኝ። ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጥተው እስኪነሱ ድረስ አላነሳሁም።

ቃሉን መሳቴን ስሕተት ብዬ ማለፍ እችላለሁ። የዚያን ቀን ዝምታዬን ግን ስሕተት ብዬ ልጠራው አልችልም። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ከሠራሁት ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ቤቴ ሁለት ሳምንት ተብሰለሰልኩ። ለራሴ ብዙ ነገር አልኩ። ሴትየዋስ ለምን ያንን ቃል ተጠቀመች? ሰውየውስ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ምናልባት ቃሉ ትክክል ቢሆንስ? መጨረሻ ላይ ባቡር ይዤ ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ሴንት ፖል ሄድኩ። ስም ሳልጠራ ነገሩን ነገርኩት። መነጽሩን በመሐረቡ እየጠረገ አዳመጠኝ።

«ደብተርሽን ይዘሻል?» አለኝ።

ይዣለሁ አልኩት። የሁሉንም ዓመታት ይዤ ነበር የሄድኩት።

«ሌሎቹን አክራሪዎች አሳዪኝ።»

አልገባኝም። ቃሉን በፊትም አስተርጉሜው እንደሆነ እንድፈልግ ነው አለ። ፈለግሁ። አንድ ገጽ ላይ፦ ክርስቲያን ሚስት ስለ ስኳር በሽተኛ ባሏ፣ «ጾም ላይ አክራሪ ነው፣ መድኃኒቱን እንኳ አይወስድም።» ያስተላለፍኩት፦ በጣም ጥብቅ ነው። ሌላ ገጽ ላይ፦ ሠራተኛ ስለ ጓደኛው፣ «የኳስ አክራሪ ነው።» ያስተላለፍኩት፦ ቀንደኛ ደጋፊ ነው። ሌላ፦ እናት ስለ ጴንጤ ልጇ፣ «አክራሪ ሆናብኛለች፣ ከእኛ ጋር አትበላም።» ያስተላለፍኩት፦ ለእምነቷ ያደረች ናት። ከዚያ የመጨረሻው፦ ሙስሊም ሚስት ስለ ባሏ።

አራቱም በእጄ ጽሕፈት ናቸው። ጋሽ ኢድሪስ ደብተሮቹን አልነካቸውም፤ መስኮቱን እያየ ነበር።

«ፈርተሽው ነው?» አለኝ።

«አላየሁትም እኮ ጋሼ። ያን ጊዜ ሰውየውን አይቼው አላውቅም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«አዎ» አልኩት። ደሴ ተወልጄ፣ ከሙስሊም ጎረቤት ልጆች ጋር በአንድ ግቢ አድጌ፣ ፊቱን ያላየሁትን ሰው ፈራሁት። ይህንን የነገርኩት ደግሞ ለአንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነው፤ ከእሱ ሥራ የተማርኩ፣ ልጁ ሲያገባ የተጠራሁ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ላድርግ?» አልኩት።

«መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለና ተነስቶ ሻይ ሊጥድ ገባ።

በማግስቱ ቃሉን ለሌሎቹ እንዴት፣ ለዚህ ሰው እንዴት እንዳስተላለፍኩት ዘርዝሬ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ግልባጩን ለሊንዳ ሰጠሁ። ሊንዳ በሩን ዘጋችና አስቀመጠችኝ። ሴትየዋን ከሥራ ውጪ አግኝተሻታል? አላገኘኋትም። የሰውየው ዘመዶች ደውለውልሻል? አልደወሉም። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ማኅበር ውስጥ ናችሁ? እነሱ ሙስሊሞች ናቸው አልኳት። ታዲያ ይህ ደብዳቤ አሁን ከየት መጣ? ከእኔ አልኩ። የጻፍኩትን እንደገና አነበበችው፤ ማንን ለማዳን እንደጻፍኩት ትፈልግ ነበር። አልፈረድኩባትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ እጠይቅ ነበር።

ፍርድ ቤቱ የተቀዳውን ድምፅ ሌላ ግዛት ለሚኖር አስተርጓሚ ላከው። የእሱ ትርጉም ሲመጣ «ሃርድላይነር» ይላል፤ አቋሙን ያከረረ እንደማለት። ከእኔ ቃል ጋር አልገጠመም፣ ደብተሬ ውስጥ ካሉት ከሌሎቹም ጋር አልገጠመም።

በቀጠሮው ቀን እኔ የቆምኩት በምስክር ቦታ ነው። ለሙናና ለከድር ሌላ አስተርጓሚ ተመድቧል፤ እኔ በእንግሊዝኛ የምናገረውን እሱ በጆሯቸው ያስተላልፋል። ሰው የእኔን ቃል ሲያስተረጉም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በአንድ ጆሮዬ እሱን እከታተለው ጀመር። የካውንቲው ጠበቃ ሊንዳ የጠየቀችኝን ሁሉ ጠየቀኝ፤ ሊንዳ ያልጠየቀችኝንም። ገንዘብ ተቀብለሻል ወይ ሁሉ አለኝ። አልተቀበልኩም አልኩ። ከዚያ ዳኛዋ ራሳቸው ጠየቁኝ።

«ያንን ቃል ለክርስቲያኖቹ በሌላ አስተርጉመሽዋል ብለሻል። ለዚህ ሰው ለምን ኤክስትሪሚስት አልሽ?»

«ሙስሊም መሆኑን ስለማውቅ ነው» አልኩ።

አስተርጓሚው ይህን እንዳለ አስተላለፈው። ሳያለሰልስ በማስተላለፉ አከበርኩት። ከድር ራሱን አላነሳም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን ያይ ነበር።

ዳኛዋ ወደ ሙና ዞሩና በራስሽ አነጋገር ምን ማለትሽ ነበር አሏት። ማንም እስከዚያ ቀን ያንን አልጠየቃትም።

«ያልኩት ያው ነው» አለች ሙና። «ዘፈን ከለከለ፣ ፎቶዎቻችንን አወረደ፣ ልጄ ፒያኖ ስትወድ አስተዋት። እኔ እንደሱ መኖር አልችልም። ግን በሷ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፣ በእኔም። ለሰውም ክፉ አስቦ አያውቅም። እኔ የመጣሁት ልፈታው ነው እንጂ ላስበላው አይደለም።»

ልጁን ያለ ተመልካች እንዲያያት ዳኛዋ እዚያው ፈቀዱ። ፍቺው በሌላ ቀጠሮ ቀጠለ፤ ተፋቱ። ፋብሪካው መልሶ ጠርቶት ነበር ሲባል ሰማሁ። አልተመለሰም። የሥራ ባልደረቦቹ እንዴት እንደሚያዩት መገመት አልከበደውም መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ወራት ውሸታም የተባለችው ደግሞ ሙና ናት። አንድ ጊዜ ሲዋርድ ገበያ ውስጥ አየችኝና ጋሪዋን ገፍታ በሌላ መተላለፊያ ሄደች። እኔን ደግሞ ሊንዳ ከፍርድ ቤት ሥራ አውጥታ ክሊኒክ መለሰችኝ። እስከ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ፣ እስከዚያ ኬክ ድረስ፣ የሰውን ሕመም ሳስተረጉም ቆየሁ። እጄን እያነሳሁ። ነርሶቹ አንዳንዴ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እጠብቃቸዋለሁ።

የዚያን ቀን ግን ከችሎቱ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም። ሊፍት ስጠብቅ ከድር ከኋላዬ መጣ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ማን ላከዎት?» አለኝ።

«ማንም አልላከኝም።»

«ሙና ነግራዎት ነው?»

«አይደለም።»

«ጠበቃዬ?»

«አይደለም አቶ ከድር። ራሴ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አገኙ? ሥራዎን ሊያጡ ይችላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ ይመሰክራል?» ድምፁን አላነሳም። «ስድስት ወር ሙሉ ሁሉም ሲጠረጥረኝ ነው የኖርኩት። የአሠሪዬን ፊት አነባለሁ፣ የመስጊዱን ሰው ፊት አነባለሁ፣ ልጄ ስትጠይቀኝ ማን ጠይቂው እንዳላት አስባለሁ። አሁን እርስዎ መጥተው እኔ ነኝ ይላሉ። እንዴት ብዬ ልመንዎት?»

ይቅርታ ልጠይቀው ሳምንታት ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። እሱ ሲናገር ስሰማ ግን ያዘጋጀሁት ለእኔ የሚጠቅም እንጂ ለእሱ የሚጠቅም አልሆነብኝም።

«አይመኑኝ» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። የሊፍቱ በር ተከፈተ። ከድር ገባና ዞረ፤ እኔ ባለሁበት ቆሜ ነበር፣ የሚቀጥለውን ልጠብቅ። በሩ መዘጋት ሲጀምር እጁን ዘርግቶ ያዘው።

«ይገባሉ?» አለኝ።

ገባሁ። ስንተኛ ፎቅ ብሎ ጠየቀኝ፣ አንደኛ አልኩት፣ ቁልፉን ተጫነልኝ። ሁለታችንም በሩን እያየን እስከ ታች ወረድን።